ብርሃኑ ይቀድማል፦ የዋሽንግተንን ርችት በጀማሪ ካሜራ

ርችት ፎቶ ለማንሳት ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን ዓይነት ካሜራ ልግዛ?» ብሎ ነው። እኔም ወደ አሜሪካ ከመሄዴ በፊት የጠየቅሁት ይህንኑ ነበር። ዛሬ እርስዎ ቢጠይቁኝ ግን በጥያቄ ነው የምመልስልዎ። የት ሊቆሙ አስበዋል? ከማን ጋርስ ነው የሚሄዱት? የካሜራው ነገር ቀላል ነው፤ እደርስበታለሁ። መቆሚያው ነው ከባዱ። እኛ ቤት እንዲያውም መሄድ አለመሄዱ ራሱ ነበር ያከራከረን።

ታላቅ እህቴ የምትኖረው ከዋሽንግተን ዲሲ ወንዝ ማዶ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። አካባቢውን በስም የማያውቅ የአዲስ አበባ ቤተሰብ ጥቂት ይመስለኛል፤ እህት ወይም ወንድም ባይኖር እንኳ የአክስት ልጅ አይጠፋም። እንጀራና በርበሬ ከሰፈር ሱቅ ይገዛል፤ ካፌ ገብተው በአማርኛ ቢያዝዙ የሚደነቅ የለም። እናታችን ከእህቴ ጋር መኖር ከጀመረች ሁለት ዓመት አልፏታል። እኔ፣ ባለቤቴና ዘጠኝ ዓመት የሆናት ልጃችን ልንጠይቃቸው የሄድነው ትምህርት ቤት እንደተዘጋ ነው። የደረስነውም አሜሪካኖቹ ለነፃነት ቀናቸው ሽር ጉድ በሚሉበት ሰሞን ሆነ።

ቀኑ በእነሱ ጁላይ 4፣ በእኛ ሰኔ 27 ነው። በፈረንጆቹ 1776 የነፃነት አዋጃቸው የጸደቀበት ዕለት መሆኑ ነው። ኋላ ሁለተኛው ፕሬዚዳንት የሆነው ጆን አዳምስ በዚያው ሰሞን ለባለቤቱ በጻፈላት ደብዳቤ፣ በዓሉ ወደፊት በሰልፍ፣ በተኩስ፣ በእሳትና በመብራት እንደሚከበር ተንብዮላት ነበር። የተሳሳተው በቀኑ ብቻ ነው፤ እሱ ያሰበው ጁላይ 2 ይሆናል ብሎ ነበር። በዓመቱ ፊላደልፊያ ከተማ ውስጥ ርችት ተተኮሰ፤ ልማዱም ይኸው እስከ ዛሬ ዘልቋል። የዋሽንግተኑ ርችት የሚተኮሰው ናሽናል ሞል ከሚባለው ሰፊ መስክ፣ ከሊንከን መታሰቢያ ፊት ለፊት ካለው ረጅም ኩሬ አካባቢ ነው። ብዙውን ጊዜ ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ላይ ይጀምራል፤ ከ20 ደቂቃ ብዙም አያልፍም። ለዚህች 20 ደቂቃ ነው እንግዲህ ሰው ከቀትር ጀምሮ ምንጣፍ ይዞ የሚወጣው።

እህቴ በስልክ ያልነገረችኝ ነገር ነበር። እናታችን ከመጣች ወዲህ ቤተሰቡ የርችቱን ምሽት በር ዘግቶ ነው የሚያሳልፈው። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት በተለወጠ በሳምንቱ፣ ግንቦት 27 ቀን፣ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ትልቅ የጥይት መጋዘን ፈንድቶ ነበር። ብዙ ሰው አልቋል። የ1977ቱን ረሃብ ቀርጾ ለዓለም ያሳየው ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ ሞሐመድ አሚን አንድ እጁን ያጣው፣ የሥራ ባልደረባውም የሞተው በዚያው ፍንዳታ ነው። ቤታችን ከስፍራው የራቀ አልነበረም። እኔ ትንሽ ልጅ ስለነበርኩ የማስታውሰው የረገፈውን የመስኮት መስታወት ብቻ ነው። እናቴ ግን እኔንና እህቴን አልጋ ሥር አስገብታ፣ ፍራሹን በጎን አስደግፋ፣ ከአንዱ ፍንዳታ እስከ ሌላው ትንፋሿን ይዛ ስትጠብቅ ነው የዋለችው። ያን ጊዜ የደነገጠ ጆሮ ዛሬም ርችትን ርችት ነው ብሎ አያምንም። አሌክሳንድሪያ ደግሞ በዚያ ምሽት የጎረቤት ልጆችም በየመኪና ማቆሚያው የራሳቸውን ይለኩሳሉ። ባለፈው ዓመት መታጠቢያ ቤት ገብታ፣ ውሃውን ከፍታ፣ ነጠላዋን በጆሮዋ ላይ ጠቅልላ እንዳመሸች የነገረኝ የእህቴ ልጅ ነው።

«አንተ ሂድና ፎቶህን አንሳ፤ እኛ ከእማዬ ጋር እንሆናለን» አለችኝ እህቴ። ልጄ ኩርፍ አለች። እናቴ ቡና እያፈላች ነበር፤ «በእኔ ምክንያት ልጆቹ ቤት ተዘግተው አያምሹ» አለች ቀና ሳትል። ይህን ስትል የቀረን ምርጫ ልጆቹን ይዞ እሷን ብቻዋን መተው ነበር፤ እሱን ደግሞ ማንም በአፉ ሊያወጣው አልፈለገም።

የእህቴ ልጅ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ሳይንስ ይወዳል። «እማማ፣ መጀመሪያ መብራቱ ነው የሚመጣው። ድምፁ ይቆያል። ሩቅ ከሆንን ብዙ ይቆያል» አላት፣ በዚያ በአሜሪካ ልጆች አማርኛው።

እናቴ ጀበናውን ከምድጃው አንስታ ማቶቱ ላይ አስቀመጠች። «ስንት ይቆያል?»

«ሩቅ ከሄድን እስከ ስድስት እንቆጥራለን።»

«እሱስ ደህና ነው። ድንገት አይምጣብኝ እንጂ» አለች። ቆይታ ደግሞ «ከፈራሁ ግን እንመለሳለን» ብላ ጨመረች። ተስማማን።

እዚህ ላይ ነው የእናቴ ጉዳይና የካሜራው ጉዳይ የተገናኙት። ጀማሪ ሁሉ ርችት ለማንሳት ይጠጋል፤ እኔም ብቻዬን ብሆን ኖሮ የምጠጋው እስከ አጥሩ ነበር። ሲጠጉ ግን የሚያገኙት የሰው ጭንቅላት፣ ከፍ አድርጎ የተያዘ የሌላ ሰው ስልክ፣ ጭስ፣ በሌንስዎ ውስጥ የማይገባ እሳትና የታመመ አንገት ነው። ደግሞም በቅርብ የተነሳ ርችት የትም አገር የተተኮሰ ርችት ነው፤ ጥቁር ሰማይ ላይ ያለ ቀለም ብቻ ስለሆነ ፎቶውን ያየ ሰው ዋሽንግተን ይሁን ዱባይ አይለየውም። ራቅ ሲሉ ከተማው አብሮ ይገባል። ርችቱ ከምን በላይ እንደፈነዳ፣ ምን ያህል እንደሚተልቅ የሚታወቀው ያኔ ነው።

ስለዚህ ካርታ ዘረጋን። ድምፅ በአየር ውስጥ በአንድ ሴኮንድ የሚሄደው ወደ 340 ሜትር ነው፤ አንድ ኪሎ ሜትር ለማለፍ ሦስት ሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል። እስከ ስድስት ለመቁጠር ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ መራቅ አለብን ማለት ነው። ከኩሬው ተነስተን ወደ ምዕራብ፣ የፖቶማክን ወንዝ ተሻግረን ሁለት ኪሎ ሜትር ስንለካ ጣታችን ያረፈው አርሊንግተን ውስጥ፣ የማሪኖቹ የጦርነት መታሰቢያ ያለበት ጉብታ ላይ ሆነ።

ሐውልቱን በፎቶ ሳያዩት አይቀሩም፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ኢዎ ጂማ በምትባለው የጃፓን ደሴት ላይ ስድስት ወታደሮች ባንዲራ ሲተክሉ የሚያሳየው ግዙፉ የነሐስ ሥራ ነው። ለእኛ ጉዳይ ዋናው ነገር ግን ከሐውልቱ ፊት ለፊት ያለው ሣር ነው። እዚያ ተቀምጠው ወደ ምሥራቅ ሲያዩ የሊንከን መታሰቢያ፣ 169 ሜትር የሚረዝመው የዋሽንግተን ሐውልትና የካፒቶሉ ጉልላት ከፊት ወደ ኋላ በአንድ መስመር ላይ ተደርድረው ይታያሉ። ከተማዋን የነደፉት ሰዎች ይህን መስመር ያሰመሩት ለካሜራ ብለው አይደለም፤ ግን ለጀማሪ ፎቶ አንሺ እንዲህ ያለ ስጦታ ማን ይሰጠዋል? መግቢያ አይከፈልበትም። በምድር ባቡሩ ሮዝሊን ጣቢያ ወርዶ አሥር፣ አሥራ አምስት ደቂቃ መሄድ ነው። የጣቢያው ተንቀሳቃሽ ደረጃ በጣም ረጅም ስለሆነ ጉልበት የሚያመው ወይም ቁልቁል ማየት የሚያዞረው ሰው ካለ በአሳንሰሩ ይውጡ። በመኪና ለመሄድ አይሞክሩ፤ መንገዶች ይዘጋሉ፣ ማቆሚያም የለም። እናቴ በሐበሻ ደንብ ምሳ ካልቋጠርን አልሄድም ስላለች ዳቦ፣ ዶሮ አልጫና አንድ ፔርሙዝ ሻይ ይዘን ነው ባቡር የገባነው።

አሁን ወደ ካሜራው። እኔ የያዝኩት ከጓደኛዬ በሁለተኛ እጅ የገዛሁት ካኖን ነው፤ ሌንሱም ከካሜራው ጋር አብሮ የሚሸጠው 18 በ55 የሚሉት። ለዚህ ሥራ ከበቂ በላይ ነው። ገንዘብ ማውጣት ካለብዎ ለትራይፖድ ያውጡ። ርችት ሲያነሱ የካሜራው ዓይን ለብዙ ሴኮንድ ክፍት ሆኖ ስለሚቆይ በእጅ ይዞ የሚሳካለት ሰው የለም። ትራይፖዱ ቀላል ከሆነ ንፋስ እንዳያንቀጠቅጠው ከመሐሉ ቦርሳ አንጠልጥለው ያክብዱት፤ ቀጭኖቹን የታችኛውን እግሮች ባያወጧቸው ይመረጣል። ካሜራውን ሲጫኑ ስለሚነቃነቅ ሪሞት ቢኖርዎ ጥሩ ነው። ከሌለ የሁለት ሴኮንዱ ታይመር ይሠራል፤ ችግሩ ርችቱ ሁለት ሴኮንድ አይጠብቅም። ርካሿ ባለ ገመድ መጫኛ ብዙ ብስጭት ታድናለች።

ቅንብሩን ሁሉ ቤት ቁጭ ብለው፣ በብርሃን ያድርጉት። ጨለማ ውስጥ፣ ልጅ ጎንዎን እየጎተተ፣ የትኛው ቁልፍ የት እንዳለ መፈለግ አይቻልም። መዞሪያውን ኤም ፊደል ላይ፣ ማለትም ማንዋል ላይ ያድርጉት። ፍላሹን ያጥፉ፤ ሁለት ኪሎ ሜትር ርቆ ያለ እሳት የእርስዎን ፍላሽ አይፈልግም፤ የሚያበራው ከፊትዎ የተቀመጠውን ሰውዬ ማጅራት ብቻ ነው። አይኤስኦውን 100 ላይ ዝቅ ያድርጉ። የሌንሱን ቀዳዳ ኤፍ 8 ወይም ኤፍ 11፣ ሹተሩን ሦስት ወይም አራት ሴኮንድ ላይ ያድርጉ። ካሜራው በትራይፖድ ላይ ስለሚሆን በሌንሱ ጎን ያለውን የእጅ መንቀጥቀጥ ማስተካከያ ያጥፉት። ለረጅም ፎቶ ተብሎ የተሠራውን ነጠብጣብ መቀነሻም ያጥፉ፤ እሱ ከበራ ካሜራው ከእያንዳንዱ ፎቶ በኋላ ያንኑ ያህል ሴኮንድ ሥራ ላይ ነኝ ብሎ ያስጠብቅዎታል፤ ያኔ ግማሹ ርችት አልፎ ይሄዳል።

ከእነዚህ ቁጥሮች ውስጥ አንዱን ብቻ ምክንያቱን ልንገርዎ፤ እሱ ከገባዎ ሌላውን ራስዎ ያስተካክሉታል። ቀን ቀን ሹተሩ በቆየ ቁጥር ፎቶው ይደምቃል። ርችት ግን እንዲህ አይደለም። ፍንጣሪው ስለሚበር በአንድ ነጥብ ላይ የሚያልፈው ለቅጽበት ነው፤ ሹተሩ ሁለት ሴኮንድ ቢከፈትም ስድስት ቢከፈትም ያ ነጥብ የሚያገኘው ብርሃን ያው ነው። ስለዚህ የእሳቱን ድምቀት የሚወስነው የሌንሱ ቀዳዳ ነው። ርችቱ ነጭ ሆኖ ቀለሙ ከጠፋ ቀዳዳውን ያጥብቡት፤ ወደ ኤፍ 11 ወይም 16 ይሂዱ። ሴኮንዱ የሚወስነው ደግሞ በአንድ ፎቶ ውስጥ ስንት ርችት እንደሚገባና ሰማዩና ሕንፃዎቹ ምን ያህል እንደሚደምቁ ነው። ይህን ለማወቅ እኔ ሦስት ወር ፈጅቶብኛል፤ የጀመርኩት ካሜራው ራሱ ያውቃል ብዬ ነበርና ያገኘሁት ሁሉ የተፈጨ ኖራ የመሰለ ነጭ ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ ከአዲስ አበባ የሄደ ሰው የማይጠብቀው ነው። የዋሽንግተን ሐምሌ እንደ ገላ መታጠቢያ ክፍል የታመቀ ሙቀት አለው፤ ቤቱ ውስጥ ግን ማቀዝቀዣው ቀኑን ሙሉ ይሠራል። ቀዝቃዛውን ካሜራ ከቤት አውጥተው ወዲያው ቢከፍቱት ሌንሱ እንደ መነጽር ላብ ይይዘዋል። ቦርሳው ውስጥ እንደተዘጋ ግማሽ ሰዓት ያህል ውጭ ያቆዩት።

ጉብታው ላይ የደረስነው ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ ሣሩ በምንጣፍ ተሸፍኖ ነበር። ከሁሉም አገር የመጣ ሰው አለ። ከአጠገባችን የተቀመጡት የሳልቫዶር ቤተሰቦች እናቴ ላቀረበችላቸው ሻይ በምላሹ ሐብሐብ ሰጡን፤ ከዚያ ወዲያ ቋንቋ ሳያስፈልግ ማውራት ጀመሩ። የምሽቱ ትልቁ ሥራ መጠበቅ ነው፤ ልጆች ካሉ ካርታ መጫወቻ፣ ውሃና የወባ ትንኝ ቅባት አይርሱ። ፎቶ አንሺው ግን በዚህ ጊዜ የሚሠራው አለው። ንፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ ሣር በትኖ ማየት አለበት። ጭሱን ወደ እርስዎ ወይም በቀጥታ ከእርስዎ የሚያርቅ ንፋስ አይረዳም፤ ወደ ጎን የሚጠርገው ነው ጥሩው።

ፀሐይ የጠለቀችው ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል አለፍ ብሎ ነው። የዋሽንግተን ሐውልት መብራት እንደበራለት ሌንሱን በእሱ ላይ አነጣጥሬ ፎከሱን አስተካከልኩና ወደ እጅ አዞርኩት። ፎከሱ አንዴ ከተስተካከለ ማንም አይንካው። ካሜራው ጨለማ ውስጥ ራሱ እንዲፈልግ ከተዉት ሌንሱ ወዲያና ወዲህ እያለ ያመሻል። ከዚያ ርቀት 18ቱ በጣም ሰፊ ነው፤ ርችቱ ቡና ቁርስ ላይ እንዳለ ፍንዲሻ ያንሳል። ወደ 50 እና 55 ተጠግተው፣ ካሜራውን ቁመቱን አቁመው፣ ከታች ሕንፃዎቹን ለጥቂት ብቻ አስገብተው ሰማዩን ይተዉለት። የመጀመሪያው ርችት እስኪታይ ቁመቱን በትክክል ማወቅ አይቻልም፤ እሱ እንደታየ ቶሎ ያስተካክሉ።

እናቴ ልጄን በአንድ ጎን፣ የእህቴን ልጅ በሌላ ጎን አስቀምጣ ነበር። ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ነው፤ ወደ ጆሮዋ ለማንሳት ዝግጁ እንደሆነች ከእጇ አያያዝ ያስታውቃል።

የመጀመሪያው ብልጭታ ከሊንከን መታሰቢያ በስተጀርባ ወጣ። ድምፅ የለም። ቀይ ክብ ሆኖ ተከፈተ፣ ሰፋ፣ መርገፍ ጀመረ፤ አሁንም ድምፅ የለም። ልጆቹ ሁለቱም ጮክ ብለው «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ይላሉ። እኔም እየቆጠርኩ ነበር፤ ሹተሩን ከፍቼ እስከ አራት። አምስትን አልፈው ስድስት ሊሉ ሲሉ ድምፁ ደረሰ፤ ራቅ ያለ ቤት ውስጥ ምንጣፍ ሲራገፍ የሚሰማውን ይመስላል። እናቴን አየኋት። ነጠላዋን አላነሳችም። «ይኸው ነው?» አለች።

«ይኸው ነው እማማ።»

ስሜቱ ይሁን ሌላ ነገር፣ እኔ በዚህ መሐል ሞኝ ሥራ ሠራሁ። ርችቱ ከጠበቅኩት ከፍ ብሎ ስለፈነዳ ሌንሱን ትንሽ ሰፋ አደረግሁት፤ ፎከሱ ከዙሙ ጋር አብሮ እንደሚንሸራተት ረሳሁ። ስድስት ሰባት ደቂቃ ሙሉ ያነሳሁት ሁሉ ጥጥ የመሰለ ሆነ። ያወቅሁት ስክሪኑን አስፍቼ ሳይ ነው። እርስዎ ከእኔ ይማሩ፤ ከሦስተኛው ፎቶ በኋላ አንዴ አስፍተው ይዩ፣ ፎከሱንም በፕላስተር ይለጥፉት። ይህ ጊዜ በጣም ውድ ነው፤ ሰማዩ ገና በጭስ ስላልተሸፈነ ጥርት ያሉት ርችቶች የሚገኙት በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ነው። በኋላ የሚፈነዳው ከቀደመው ጭስ ጋር ይደባለቃል፤ ንፋስ ከሌለማ ጭራሽ ደመና ማንሳት ይሆናል።

የእህቴ ልጅ በመቁጠሩ መሐል ስለ ቀለሞቹ ለአያቱ ያስረዳ ነበር። ቀዩ ስትሮንቲየም፣ አረንጓዴው ባሪየም፣ ቢጫው በጨው ውስጥ ያለው ሶዲየም፣ ሰማያዊው መዳብ ነው። ሰማያዊ ለባለሙያዎቹ አስቸጋሪው ቀለም ነው፤ እሳቱ ከመጠን በላይ ሲግል የመዳቡ ቀለም ይጠፋል። «ጨው ነው እንዴ የሚያቃጥሉት?» አለች እናቴ፤ ቀጥላም «አምስት» አለች፤ መቁጠሩን እሷ ተረክባዋለች ማለት ነው። በቀኝ እጇ ጣት እያወጣች ነበር የምትቆጥረው።

ይህን ጊዜ ነው ካሜራውን ነቅዬ ከኋላቸው የሄድኩት። ስምንት እርምጃ ያህል ወደ ኋላ፤ ትራይፖዱን እስከ መጨረሻው ዝቅ አድርጌ፣ ሌንሱን ወደ 35 አስፍቼ፣ በዚህ ጊዜ ግን ፎከሱን እንደገና በሐውልቱ አስተካክዬ። ከፊት የተቀመጡት ሰዎች ጥቁር ጥላ፣ ከላያቸው ርችት። ለቤተሰብ ፎቶ ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም። ሰዎቹ ዞረው ፈገግ እንዲሉ ፍላሽ ቢያበሩባቸው ርችቱም ይጠፋል፣ እነሱም የሚያዩትን ትተው እርስዎን ያያሉ። የተቀመጠ ሰው ለሦስት ሴኮንድ ብዙም ስለማይንቀሳቀስ ጥላው ጥርት ብሎ ይወጣል። አራት ጊዜ አነሳሁ።

መጨረሻው ላይ ሁሉንም አንድ ላይ ነው የሚለቁት። በዚህ ጊዜ ቀዳዳውን ወደ ኤፍ 16 ያጥብቡ፣ ሴኮንዱንም ወደ አንድ ያውርዱ፤ አለዚያ ሰማዩ አንድ ነጭ ሆኖ ይቀራል። እኔ ራሴ ይህን አልሞከርኩም። ብልጭታው ሲበዛ ቁጥሩ ከየትኛው እንደሚጀመር ጠፋና ድምፁም ተያይዞ መጣ። እናቴ መቁጠሩን አቁማ የሁለቱንም ልጆች እጅ ያዘች። ካሜራውን ትቼ ሄጄ ከጎናቸው ተቀመጥኩ። እንመለስ አላለችም። ሲያበቃ ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ እሷም አጨበጨበች፤ ከዚያ ወዲያው ለሳልቫዶሮቹ የተረፈውን ዳቦ መጠቅለል ጀመረች። ሮዝሊን ጣቢያ ለመግባት ሰልፉ ወደ አንድ ሰዓት ፈጀብን፤ እርስዎ ከሄዱ አይቸኩሉ፣ ሣሩ ላይ ተቀምጠው ሻይዎን ይጨርሱ።

ለዚህ ሁሉ አሜሪካ መሄድ አያስፈልግም። ከተመለስን በኋላ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ይህንኑ ካሜራ ግቢያችን ውስጥ ተከልኩት። የችቦ እሳት ከርችት የቀረበና የረጋ ስለሆነ ቁጥሩ ይለያል፤ አይኤስኦ 400፣ ኤፍ 5.6፣ ሩብ ሴኮንድ ያህል ብለው ይጀምሩና እያዩ ያስተካክሉ። ልጆቹ ችቦውን እያዞሩ ሲሮጡ ግን ሹተሩን ለሁለት ሴኮንድ ይክፈቱትና አይኤስኦውን ወደ 100 ይመልሱት፤ እሳቱ ክብ መስመር ሆኖ ይሳላል። ከከተማው ላይ ርችት ሲተኮስ ደግሞ ከፍ ካለ ፎቅ ወይም ከእንጦጦ አቅጣጫ ቢያነሱ፣ ከዋሽንግተኑ ጉብታ የተማርነው ሁሉ እንዳለ ይሠራል። ለደመራ ደግሞ የሚመረጠው ሰዓት እሳቱ ተለኩሶ ሰማዩ ገና ሰማያዊነቱን ሳይጨርስ ያለው ነው። ካሜራ የሌለዎት ከሆነ የስልክዎን የማታ መቼት ከፍተው ስልኩን ግድግዳ ወይም ድንጋይ ላይ ያስደግፉት፤ በእጅ አይያዙት እንጂ ብዙ ያሳያል።

ከዋሽንግተን ካመጣኋቸው ወደ ሁለት መቶ ከሚጠጉ ፎቶዎች ውስጥ ሦስቱ ሕንፃዎች ተሰልፈው፣ ርችቱ መሐል ላይ ሆኖ፣ ጥርት ብሎ የወጣ አንድ አለ። እሱ ኮምፒውተሬ ውስጥ ነው። አሳጥቤ ሳሎን የሰቀልኩት ሌላኛውን ነው፤ የአራት ትልልቅና የሁለት ትንንሽ ሰዎች ጥላ፣ መሐላቸው ነጠላ የለበሰች ሴት፣ ቀኝ እጇ ወደ ላይ። እጇ ደብዝዟል። የገባ እንግዳ ሁሉ «ምን ሆና ነው እጇ እንዲህ የሆነው?» ይላል። ልጄ ናት የምትመልሰው።

«አራት ላይ ደርሳ ነበር» ትላለች።